ለሥዕልና ለሜትሮራይት የሚከፈለውን ውድ ዋጋ ስንመዝን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጁላይ 2025 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሶዝቢስ ጨረታ ቤት 24 ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ቀላ ያለ ድንጋይ 5 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ድንጋዩ ከማርስ ተፈንጥሮ የመጣ ሜትሮራይት፣ ማለትም ከሕዋ ወርዶ መሬት ላይ ያረፈ ድንጋይ ነው። ቀደም ሲል፣ በኖቬምበር 2017፣ በዚያው ከተማ የክሪስቲስ ጨረታ ቤት የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው የተባለውን «ሳልቫቶር ሙንዲ» የተሰኘ ሥዕል በ450 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ነበር። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አንዳንዱ ሰው ገዢውን ገንዘብ የሚያደርግበት ያጣ ሞኝ አድርጎ ይስቅበታል፤ ሌላው ደግሞ በቤቱ ያለውን አሮጌ ሥዕልና በመንገድ ያገኘውን ጥቁር ድንጋይ በአዲስ ዐይን ማየት ይጀምራል። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ከፍተኛው ዋጋ የሚከፈለው ስለ ዕቃው ሊረጋገጥ ለሚችለው ነገር መሆኑን ይዘነጋሉ። ቀጥሎ የሚነሱት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ዝንጋታ የሚወለዱ ናቸው።

ዋጋውን ከቁሱ ውስጥ መፈለግ

ሥዕልን በሸራውና በቀለሙ፣ ሜትሮራይትን በብረቱና በኒኬሉ የሚመዝን ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ሁሉ እብደት ይመስለዋል። በኤፕሪል 2019 ኮስታ ሪካ ውስጥ አጉዋስ ሳርካስ በተባለ አካባቢ የወደቀ ሜትሮራይት የአንድን ውሻ ቤት ጣሪያ በስቶ ገባ፤ ውሻውን ግን አልነካውም። በ2022 ክሪስቲስ የውሻውን ቤትና ጣሪያውን የበሳውን ድንጋይ ለየብቻ ለጨረታ ሲያቀርብ፣ ቤቱ ከ44 ሺህ ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ ከሕዋ የመጣው ድንጋይ የተሸጠው በዚያ ግማሽ ገደማ ነው። በ1984 አሜሪካ ውስጥ በጆርጂያ ግዛት ክላክስተን በተባለች ከተማ አንድ ሜትሮራይት የመታው የፖስታ ሣጥንም በ2007 ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ተከፍሎበታል። የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ በራሱ ምንም አያወጣም። ገዢው የከፈለው ቀኑና ቦታው ለሚታወቅ፣ ምስክር ላለው፣ ዳግም ለማይደገም አጋጣሚ ነው።

ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው በአፖሎ 11 ጉዞ የጨረቃን አፈር ናሙና የያዘው ትንሽ ከረጢት ታሪክ ነው። ከረጢቱ በመዝገብ ላይ በስህተት ተለይቶ ስለነበር በ2015 በመንግሥት ጨረታ ላይ አንዲት ሴት በ995 ዶላር ገዛችው። ለማረጋገጥ ብላ ወደ ናሳ ስትልከው በውስጡ የጨረቃ ብናኝ መኖሩ ታወቀ፤ ናሳ አልመልስም ቢልም ፍርድ ቤት ባለቤትነቷን አጸናላት፤ በጁላይ 2017 በሶዝቢስ 1 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ በጨርቁ ላይ የተጨመረ አንድም ነገር የለም። የተጨመረው ምን እንደሆነ መታወቁና ባለቤቱ ማን እንደሆነ በፍርድ መጽናቱ ነው።

ብርቅ የሆነ ሁሉ ውድ ነው ብሎ መደምደም

በዓለም ላይ ከተመዘገቡት 77 ሺህ ያህል ሜትሮራይቶች ውስጥ ከማርስ የመጡት 400 ያህል ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ብርቅነት ዋጋ እንዳለው መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሜትሮራይት ሁሉ ከወርቅ ጋር ሲነጻጸር ብርቅ ነው፤ ያም ሆኖ ተራ ኮንድራይት የሚባሉት፣ ከሚወድቁት መካከል እጅግ የሚበዙት ዓይነቶች፣ በበረሃ ከርመው ቅርፊታቸው የተላጠ ከሆነ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ሊገዛቸው በሚችል ዋጋ በግራም ይሸጣሉ። እንዲሁም ማንም የማያውቀው ሠዓሊ የሠራው እያንዳንዱ ሥዕል በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ብቻ መሆኑ ግን ፈላጊ አያመጣለትም። ብርቅነት ወደ ዋጋ የሚለወጠው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያንኑ ዕቃ በአንድ ጊዜ አጥብቀው ሲፈልጉትና አቅሙም ሲኖራቸው ነው። የማርሱ ድንጋይ በተሸጠበት ጨረታ ላይ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ የአንድ ወጣት ዳይኖሰር አጽም በተጫራቾች ፉክክር 30 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ገማቾቹ ስለ አጽሙ ሳይንሳዊ ዋጋ ተሳስተው አይመስለኝም፤ የተሳሳቱት ስለ ተጫራቾቹ እልህ ነው።

ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። በኖቬምበር 30 ቀን 1954 በአላባማ ግዛት ሲላካጋ ከተማ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሜትሮራይት የቤት ጣሪያ በስቶ ሶፋ ላይ የተኛችን ሴት ዳሌዋን መታት። ዓለም ሁሉ ስለ እርሷ ያወራ በነበረበት ሰሞን ድንጋዩ ጥሩ ዋጋ ሊያወጣ ይችል ነበር፤ ሆኖም የተከራየችው ቤት ባለቤት «ድንጋዩ የእኔ ነው» ብላ ክርክር ስለ ከፈተች ነገሩ ተጓተተ፤ ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ የገዢው ጉጉት ቀዝቅዞ ነበርና ሴትየዋ በመጨረሻ ድንጋዩን ለግዛቱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰጠችው። የዚያኑ ሜትሮራይት ሌላ ቁራጭ በአቅራቢያው ያገኘ ገበሬ ግን ሳይዘገይ ሸጦ ተጠቅሞበታል።

በዜና የተነገረውን አሃዝ የገበያ ዋጋ አድርጎ መውሰድ

በጨረታ ላይ ቢያንስ ሁለት ዋጋዎች አሉ። አንደኛው መዶሻው ሲወርድ የተጠራው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው የጨረታ ቤቱ ከገዢው የሚወስደው ኮሚሽን የተጨመረበት ጠቅላላ ክፍያ ነው። ዜና የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው። «ሳልቫቶር ሙንዲ» መዶሻው የወረደበት በ400 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 50 ነጥብ 3 ሚሊዮኑ ኮሚሽን ነው፤ የማርሱ ድንጋይም የተጠራበት ዋጋ 4 ነጥብ 3 ሚሊዮን ነበር። ሻጩም እንደ ውሉ ከራሱ ድርሻ የሚቀነስበት ይኖራል። ስለዚህ ገዢው የከፈለውና ሻጩ ኪሱ ያስገባው ገንዘብ እኩል ነው ብሎ ማሰብ የጀማሪ ሰብሳቢ የመጀመሪያ የሒሳብ ስህተት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ያልተሸጡትን አለመቁጠር ነው። በ2008 ቦናምስ የተባለው የጨረታ ቤት ፉካንግ ከተባለው፣ ኦሊቪን በተባለ ማዕድን ወርቃማ ክሪስታሎች ከተሞላው ውብ ሜትሮራይት 420 ኪሎ የሚመዝን ቁራጭ በ2 ሚሊዮን ዶላር ግምት አቅርቦ ገዢ አላገኘም። ከላይ የተነሣው የውሻ ቤትም ቅድመ ግምቱ ከ200 እስከ 300 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ44 ሺህ መሸጡ ለሰሚ የሚያስገርም ከፍተኛ ዋጋ ቢመስልም ለጨረታ ቤቱ ግምት ግን ትልቅ ውድቀት ነው። ቅድመ ግምት ተጫራች ለመሳብ የሚጻፍ የሻጭ ወገን አሃዝ ነው፤ የአንድ ቀን ሽያጭም በዚያ ቀን አዳራሽ ውስጥና ስልክ ላይ የነበሩትን የሁለት ሰዎች ፍላጎት እንጂ የሺህ ገዢዎችን ስምምነት አይነግርም። አንድ ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ተመሳሳይ የሆኑ፣ ተሽጠው ያለቁና ሳይሸጡ የተመለሱ በርካታ ዕቃዎችን ጎን ለጎን ማየት ይኖርበታል።

ዐይንን፣ ዝናንና ያማረ የምስክር ወረቀትን ማመን

በ1930ዎቹ ሃን ቫን ሜጌረን የተባለ ሆላንዳዊ ሠዓሊ የ17ኛውን መቶ ዘመን ታላቅ ሠዓሊ ዮሐንስ ቨርሜርን አስመስሎ መሥራት ጀመረ። ቀለሙ እንደ አሮጌ ሥዕል እንዲደርቅና እንዲሰነጠቅ ሰው ሠራሽ ሙጫ ቀላቅሎ በእሳት ሙቀት አደረቀው። በዘመኑ ስለ ቨርሜር ከማንም በላይ ያውቃል የሚባለው አብርሃም ብሬዲየስ በ1937 ከነዚህ ሥዕሎች አንዱን አይቶ የቨርሜር ድንቅ ሥራ ነው አለ፤ ሥዕሉም ሮተርዳም በሚገኝ ሙዚየም ተሰቀለ። ማታለሉ የተጋለጠው በሊቃውንት ትጋት አልነበረም። ቫን ሜጌረን ከሥዕሎቹ አንዱ ለናዚው ባለሥልጣን ለኸርማን ጎሪንግ በመሸጡ በ1945 የአገር ቅርስ ለጠላት ሸጧል ተብሎ ሲታሰር፣ ከአገር ከሃዲነት አጭበርባሪነት ይሻላል ብሎ ራሱ ተናዘዘ፤ ለማሳመንም በታሰረበት አንድ ተጨማሪ ሥዕል መሥራት ነበረበት።

ብሬዲየስን ያሳሳተው እውቀት ማነስ አልነበረም። የቨርሜር የሃይማኖት ሥዕሎች ተሰውረው መቅረታቸውን አስቀድሞ ያምን ስለነበር፣ ሐሰተኛው ሥዕል የመጣው ምኞቱን ተከትሎ ነው። ሰብሳቢ የሚታለለው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ አጭበርባሪ የሚሠራው ገዢው ቀድሞ ይኖራል ብሎ የሚጠብቀውን ነገር ነው።

ዝናም እንዲሁ ይሸፍናል። ኒው ዮርክ የነበረው ኖድለር ጋለሪ በ1846 የተከፈተ፣ ለብዙ ትውልድ የታመነ ድርጅት ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንዲት ነጋዴ የታዋቂዎቹ አሜሪካውያን ሠዓሊዎች የጃክሰን ፖሎክ፣ የማርክ ሮትኮና የሌሎች ናቸው እያለች ያመጣቻቸውን ሥዕሎች በድምሩ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሸጠ፤ ሁሉም ግን በዚያው ከተማ በሚኖር አንድ ሠዓሊ የተሠሩ ነበሩ። ምልክቶቹ ተደብቀው አልነበረም። ሥዕሎቹ በኤግዚቢሽን ታይተው፣ በካታሎግ ተመዝግበው አያውቁም፤ ባለቤታቸው ስሙ እንዲነገር አይፈልግም ይባል ነበር፤ በአንዱ ላይ የፖሎክ ስም ፊደል ጎድሎት ተፈርሟል፤ በ17 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ሌላው ደግሞ ሲመረመር ፖሎክ በ1956 ከሞተ በኋላ የመጣ ቀለም ተገኘበት። ጋለሪው በ2011 ተዘጋ። ገዢዎቹ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ይህ ሥዕል ከሠዓሊው ክፍል ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ በማን በማን እጅ አለፈ? ለዚህ ጥያቄ ሰነድ የሌለው ሥዕል፣ ውበቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ውድ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም።

በሜትሮራይት በኩል ስህተቱ ሌላ መልክ አለው። ጥቁር፣ ከባድና ማግኔት የሚስበው ድንጋይ ሁሉ ሜትሮራይት ይመስላል፤ ከብረት ማቅለጫ የተጣለ ዝቃጭና ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ግን እነዚህን መለኪያዎች በቀላሉ ያልፋሉ። በድንጋዩ ላይ እንደ ስፖንጅ የበዙ የአረፋ ቀዳዳዎች መኖራቸው በአብዛኛው የምድር ሥራ መሆኑን ያመለክታል፤ በአየር ውስጥ ሲነድ የተፈጠረ ቀጭን ጥቁር ቅርፊትና በውስጡ የኒኬል መኖር ደግሞ ተስፋ ይሰጣሉ። ብዙዎቹ የብረት ሜትሮራይቶች ተቆርጠው፣ ተወልውለውና በአሲድ ሲታጠቡ የሚታየው የተጠላለፈ የክሪስታል መስመር፣ ብረቱ በአንድ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን በሚዞር ትንሽ የሰማይ አካል፣ ውስጥ በሚሊዮኖች ዓመታት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ ነውና በፋብሪካ ሊሠራ አይችልም። የመጨረሻው ቃል ግን የቤተ ሙከራ ነው። አንድ ድንጋይ በይፋ ስም የሚያገኘው ተመርምሮ ውጤቱ ለዓለም አቀፉ የሜትሮራይት ማኅበር የስያሜ ኮሚቴ ሲቀርብና 20 ግራም፣ ወይም ድንጋዩ ትንሽ ከሆነ ከክብደቱ 20 በመቶው፣ በእውቅ ተቋም ለናሙና ሲቀመጥ ነው። ሻጩ ያሳተመው ባለማኅተም ወረቀት ይህን አይተካም። ከማርስ መጡ የተባሉትም እንዲህ መባላቸው በመልክ አይደለም፤ በአንዱ ውስጥ ታምቆ የቆየው ጋዝ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች በ1976 ማርስ ላይ ከለኩት አየር ጋር መመሳሰሉ ነው መሠረቱን የጣለው።

የማን ነበር ሳይሉ መግዛት

እውነተኛ ዕቃ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነ ሰው ሊሆን ይችላል። በ1902 ኤሊስ ሂዩዝ የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት 15 ቶን ተኩል የሚመዝነውን የዊላሜት ሜትሮራይት በአንድ የብረት ኩባንያ መሬት ላይ አገኘ። ለማንም ሳይናገር ለወራት እየጎተተ ወደ ራሱ መሬት አጋዘው፤ ከዚያም ለተመልካች በክፍያ ያሳይ ጀመር። ኩባንያው ከሰሰው፤ በ1905 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜትሮራይት የወደቀበት መሬት ባለቤት ንብረት ነው ብሎ ወሰነ። የሂዩዝን ድካም ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ሕጉ ግን ድካምን አልቆጠረለትም።

ሕጉ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ በግል መሬት ላይ የወደቀው የመሬቱ ባለቤት ንብረት ነው፤ በዴንማርክ ያገኘው ሰው ለመንግሥት አስረክቦ ካሣ ይቀበላል፤ አርጀንቲና ሜትሮራይትን በሕግ ከቅርስ ትቆጥረዋለች፤ ከአውስትራሊያ ያለ ፈቃድ ማውጣት አይቻልም። በመግቢያው የተጠቀሰው የማርስ ድንጋይ በ2023 የተገኘው በኒጀር አጋዴዝ ክልል ነው፤ ከሽያጩ በኋላ የኒጀር መንግሥት ድንጋዩ ከአገር እንዴት እንደወጣ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ፤ የጨረታ ቤቱ በበኩሉ ሥርዓቱ ሁሉ መሟላቱን ተናገረ። ክርክሩ በምንም ይለቅ በምን፣ ዕቃውን የያዘው ሰው ከነጥያቄው ነው የሚይዘው። በጥንታዊ ቅርስ በኩል ይህ በግልጽ ታይቷል፤ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1972 በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው፣ ዩፍሮንዮስ የተባለው ሠዓሊ ያስጌጠው የግሪክ ማሰሮ ከጣሊያን መቃብር ተሰርቆ የወጣ መሆኑ ስለታወቀ በ2008 ወደ ጣሊያን ተመልሷል። ስለዚህ ገዢ የሚጠይቀው ደረሰኝ የመጨረሻውን ሻጭ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው ከተገኘበት አገር የወጣበትን ፈቃድ ጭምር ማሳየት አለበት።

ዋጋው መጨመሩ አይቀርም ብሎ መግዛት

ሻጮች የሚወዱት ምሳሌ የዣን ሚሼል ባስኪያ ሥዕል ነው፤ በ1984 በ19 ሺህ ዶላር ተሸጦ በ2017 በ110 ነጥብ 5 ሚሊዮን ተሸጧል። በ1984 የተሸጡትና ዳግም ጨረታ ቤት ያልደረሱት ሥዕሎች ግን አይወራላቸውም። ይልቅ ለመማሪያ የሚሆነው የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩር ሉና 16 ያመጣቻቸው ሦስት ደቃቅ የጨረቃ ቅንጣቶች ናቸው። በግል እጅ በሕጋዊ መንገድ ከገቡት እጅግ ጥቂት የጨረቃ ናሙናዎች መካከል ስለሆኑ ከዚህ በላይ ብርቅ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በ1993 በሶዝቢስ 442 ሺህ 500 ዶላር፣ በ2018 ደግሞ 855 ሺህ ዶላር ተከፍሎባቸዋል። እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትርፍ ይመስላል፤ በ25 ዓመት ሲሰላ ግን በዓመት ከ3 በመቶ በታች ነው፤ ከዚህም ላይ የጨረታ ኮሚሽኑ፣ ኢንሹራንሱና የዶላር የመግዛት አቅም መዳከም ሲቀነስ የሚተርፈው እጅግ ትንሽ ነው። ቅንጣቶቹን ዕድሜ ልክ ማየት የሚያስደስተው ሰው ከስሯል አልልም፤ ለትርፍ የገዛ ግን ሌላ ቦታ ቢያስቀምጠው ይሻለው ነበር።

ገዢዎችን ሁሉ በአንድ ዐይን ማየት

ውድ ሥዕል ሁሉ የገንዘብ ማጠቢያ ነው የሚለው አባባል ፍጹም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ጀምሮ 10 ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ በሆነ ግብይት የሥነ ጥበብ ነጋዴዎች የደንበኛቸውን ማንነት እንዲያጣሩ ያስገደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን አንዱ ለክብር፣ አንዱ ስብስቡን ለማሟላት፣ ሙዚየም ደግሞ ለትውልድ ይገዛል። በ1969 ሜክሲኮ ውስጥ የወደቀው የአዬንዴ ሜትሮራይት ውስጥ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች 4 ነጥብ 567 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ፣ በሥርዓተ ፀሐያችን ዕድሜያቸው ከተለካ ጠጣር ነገሮች ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ከሁለት ቶን በላይ ስለ ተሰበሰበ ትንሽ ቁራጩ ሚሊዮን አይጠየቅበትም። ይህን በእጁ ለመያዝ የሚከፍል ሰው ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም።

ለማሳመር ወይም ለመፈተን ብሎ ማበላሸት

ማንነቱን የሚሰውረው እንግሊዛዊ የጎዳና ሠዓሊ ባንክሲ በኦክቶበር 2018 በ1 ነጥብ 04 ሚሊዮን ፓውንድ የተሸጠች ሥዕሉ እዚያው አዳራሽ ውስጥ በክፈፉ በተደበቀ መቁረጫ በከፊል እንድትተለተል አደረገ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ያችው ሥዕል 18 ነጥብ 58 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣች። ይህ ልዩ የሆነው የቆረጣት ሠዓሊው ራሱ በመሆኑና ዓለም ስላየው ነው፤ ሌላ ሰው የሚያደርገው ጭረት ዋጋ የሚቀንስ ጭረት ብቻ ነው። አሮጌ ሥዕልን በቤት ውስጥ ማጽዳት፣ የቆየ ክፈፍ ጀርባ ላይ የተለጠፈን ወረቀት መላጥ ማስረጃውን በገዛ እጅ መጣል ነው። የብረት ሜትሮራይትም እርጥበት ያለበት ቦታ ከተቀመጠ፣ ከምድር የገባበት ክሎራይድ ከውስጥ ያዝገዋል፤ በደረቅ ሣጥን፣ እርጥበት ከሚመጥ ኬሚካል ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በባዶ እጅ ደጋግሞ መንካትም አይመከርም።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ማግኔት ነው። ድንጋይ ፈላጊዎች ሜትሮራይትን ለመለየት ጠንካራ ማግኔት ማስጠጋት ልማዳቸው ነው፤ ማግኔቱ ግን ድንጋዩ ከተፈጠረበት ሥፍራ ይዞት የመጣውን የመግነጢስ አሻራ ደምስሶ በራሱ ይተካዋል። በ2011 ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ የተገኘውና «ጥቁሩ ውበት» በሚል ቅጽል የሚታወቀው የማርስ ሜትሮራይት ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቅንጣቶችን የያዘ ስለሆነ፣ የጥንቷን ማርስ መግነጢሳዊ መስክ ለማጥናት ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በ2023 የታተመ ጥናት የተመረመሩት ቁርጥራጮች ጥንታዊ አሻራቸውን በእጅ ማግኔቶች ማጣታቸውን አሳየ። ለዚህ ሥራ የሚያገለግል፣ ድንጋዩ በማግኔት የመሳብ ባሕርዩን በደካማ መስክ ብቻ የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ አለ፤ እርሱ ካልተገኘ ድንጋዩን ሳይነኩ ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ይቻላል።